በቤት ውስጥ ለቤተሰብ እራት የሚዘጋጅ ሚትሎፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚትሎፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሥራት ያሰቡ፣ እንዲሁም ሠርተውት የደረቀባቸው ወይም የፈረሰባቸው ሰዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሚትሎፍ ምን ዓይነት ምግብ ነው?

ሚትሎፍ የተፈጨ ሥጋ ከዳቦ ፍርፋሪ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከሽንኩርትና ከቅመማ ቅመም ጋር ተቀላቅሎ፣ ረዘም ያለ የዳቦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በኦቨን ተጋግሮ እየተቆረጠ የሚቀርብ ምግብ ነው። ለቤተሰብ እራት የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የእጅ ሥራው በግማሽ ሰዓት ያህል ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ገደማ ምግቡ በራሱ ስለሚበስል አብሳዩ ለአትክልቱና ለማዕዱ ዝግጅት ጊዜ ያገኛል።

ለስድስት ሰው ለመሥራት ምን ምን ያስፈልጋል?

900 ግራም የተፈጨ ሥጋ ለስድስት ሰው ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ለማግስቱ የሚሆን ያተርፋል። ለዚህ መጠን 80 ግራም ያህል የለስላሳ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ማለትም ሦስት ቁራጭ ያህል ዳቦ፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 እንቁላል፣ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት ራስ የተፈለፈሉ 2 ፍሬዎች፣ 2 የሻይ ማንኪያ ወይም 12 ግራም ያህል ደቃቅ ጨው እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያስፈልጋል። ፍርፋሪው ከደረቅ ዳቦ የተዘጋጀ ከሆነ መጠኑን ወደ 60 ግራም ዝቅ፣ ወተቱን ደግሞ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ከፍ ማድረግ ይገባል።

ላዩ ላይ ለሚቀባው ሶስ 120 ሚሊ ሊትር የቲማቲም ኬቻፕ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳርና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይበቃሉ። ቅመሙንና ቅጠላ ቅጠሉን እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት መለዋወጥ ይቻላል፤ የሥጋው፣ የዳቦው፣ የወተቱና የእንቁላሉ ምጣኔ ግን የምግቡን ልስላሴ የሚወስን ስለሆነ ባይነካ ይመረጣል።

የትኛው የተፈጨ ሥጋ ይሻላል? ስብ የሌለበትስ አይበልጥም?

ለሚትሎፍ የሚስማማው ከመቶው 80 እጅ ቀይ ሥጋ፣ 20 እጅ ስብ ያለው የበሬ ሥጋ ነው። ለጤና በማሰብ ስቡ ፈጽሞ የወጣለትን ሥጋ የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። አሳባቸው መልካም ቢሆንም፣ አንድ ሰዓት ያህል ኦቨን ውስጥ የሚቆይ የተፈጨ ሥጋ ውሃውን እያጣ ሲሄድ ለስላሳ ሆኖ እንዲበላ የሚያደርገው በመካከሉ የሚቀልጠው ስብ ነው። ደግሞም የቀለጠው ስብ ሁሉ ወደ ሳህን አይመጣም፤ ከፊሉ ትሪው ላይ ይቀራል። ስቡን መቀነስ የግድ ከሆነ 85 በ15 የሆነውን መምረጥ ያስኬዳል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ምግቡ መድረቁ አይቀርም።

የበሬ ሥጋን ከበግ ወይም ከአሳማ ሥጋ ጋር ማቀላቀልም ይቻላል፤ ሁለት እጅ የበሬ፣ አንድ እጅ የሌላው ሲሆን ጣዕሙ ይመጣጠናል። የዶሮና የቱርክ (ዶሮ የሚመስል ትልቅ ወፍ) ሥጋ ግን ስባቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃሉ። በደቃቁ ተከትፎ ውሃው እስኪመጥ የተቁላላና የቀዘቀዘ እንጉዳይ ሲጨመርባቸው እርጥበታቸውም ጣዕማቸውም ይሻሻላል።

ዳቦና ወተት የሚጨመሩት ሥጋውን ለማበርከት ብቻ ነው?

አይደለም። ስለ ሚትሎፍ አንድ ነገር ብቻ እንዲታወቅ ቢፈለግ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፦ ምግቡ ለስላሳ ይሁን ወይስ ደረቅ በአመዛኙ የሚወሰነው ኦቨን ከመግባቱ በፊት፣ ዳቦውና ወተቱ በሚዋሐዱበት ሳህን ውስጥ ነው። ሥጋ ሲሞቅ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች እየተኮማተሩ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ ሲተሳሰሩም የያዙትን ውሃ ጨምቀው ያስወጣሉ። በወተት የራሰ ዳቦ በሥጋው ቅንጣቶች መካከል ሲገባ ይህን ትስስር ያላላዋል፣ በዳቦው ውስጥ ያለው ስታርች ደግሞ ከሥጋው የሚወጣውን ውሃ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ዳቦው ሥጋውን ማበርከቱ ተጨማሪ ጥቅም እንጂ ዋናው ዓላማ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሊዘለል አይገባም። ፍርፋሪውን ወተቱ ውስጥ ጨምሮ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም ደረቅ ቅንጣት እስከማይቀር ድረስ በሹካ እየዳጡ ወፍራም ሊጥ እንዲመስል ማድረግ ያስፈልጋል። ደረቅ ፍርፋሪ በቀጥታ ሥጋው ላይ የሚበትን ሰው ግን የተገላቢጦሹን ያገኛል፤ ፍርፋሪው የሚፈልገውን ውሃ ከሥጋው ራሱ ስለሚመጥ የምግቡ እርጥበት ገና ከመጀመሪያው ይጎድላል።

እንቁላል፣ ወተት ወይም ስንዴ የማይስማማው ሰው ማዕዱ ላይ ካለስ?

የእንቁላሉ ሥራ ሲበስል እየረጋ ቅንጣቶቹን አያይዞ መያዝ ነው። በእያንዳንዱ እንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጦ፣ እስኪያጣብቅ 10 ደቂቃ አቆይቶ መጠቀም ይቻላል። በተልባ የተሠራው ሲቆረጥ ትንሽ ስለሚላላ ከኦቨን ከወጣ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ማሳረፍ ይገባል። በወተቱ ፈንታ ጨው ያልበዛበት የሥጋ ወይም የአትክልት መረቅ በእኩል መጠን ሲገባ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

ስንዴ ለማይስማማው ሰው በዳቦው ምትክ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ወይም የበሰለ ሩዝ ያገለግላል። አጃም ጥሩ ምትክ ነው፤ ሆኖም በእርሻና በወፍጮ ከስንዴ ጋር የመነካካት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን የሌለበት መሆኑ የተገለጸውን መምረጥ ያስፈልጋል። የኬቻፑንና የሌሎች የታሸጉ ሶሶችን ማሸጊያም ማንበብ አይዘንጋ።

ሽንኩርቱን ጥሬውን ባስገባው ምን ችግር አለው?

ጥሬ ሽንኩርት በኦቨኑ ሙቀት ውሃውን ሥጋው መካከል ስለሚለቅ ለመፍረስ አንዱ ምክንያት ይሆናል፤ ጎላ ጎላ ብሎ የተከተፈ ከሆነም ሥጋው በስሎ እሱ ሳይበስል ይገኛል። በደቃቁ ከትፎ በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ማቁላላት፣ ነጭ ሽንኩርቱን በመጨረሻው ደቂቃ መጨመር፣ ከዚያም ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ የተሻለ ነው። ትኩሱን ከሥጋው ጋር መቀላቀል ስቡን ያለጊዜው ያቀልጠዋል፣ ጥሬውንም ሥጋ ያሞቀዋል። ጊዜ ካነሰ ጥሬውን ሽንኩርት በመፈግፈጊያ አድቅቆ ከነጭማቂው ዳቦውና ወተቱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ሥጋውን ምን ያህል ማሸት አለብኝ?

ማሸት የሚለው ቃል ራሱ ባይኖር ይመረጣል። ሊጥ ሲታሽ ይጠነክራል፤ የተፈጨ ሥጋም እንዲሁ ነው። በተለይ ጨው የነካው ሥጋ ሲታሽ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ወደ ውጭ ወጥተው ስለሚያጣብቁ፣ ሲበስል እንደ ለስላሳ ዳቦ የሚቆረጥ ሳይሆን ሲነክሱት የሚመልስ ድርቅ ያለ ነገር ይሆናል። ቋሊማ ሲሠራ ይህ ባሕርይ ይፈለጋል፤ ለሚትሎፍ ግን ጉዳት ነው።

መፍትሔው የሥራውን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። የራሰውን ዳቦ፣ እንቁላሉን፣ የቀዘቀዘውን ሽንኩርት፣ ጨውና ቅመሙን በአንድነት አስቀድሞ በሚገባ መምታት ይገባል፤ እነዚህ የፈለገውን ያህል ቢመቱ ጉዳት የለውም። ሥጋው በመጨረሻ፣ ከፍሪጅ እንደወጣ በብርዱ፣ እየተቆራረሰ ይጨመርና በተከፈቱ ጣቶች ከታች ወደ ላይ እየተገለበጠ ይቀላቀላል። ነጭ የዳቦ ቅንጣት ለብቻው መታየቱን ሲያቆም ሥራው አልቋል፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቅርጽ ሲወጣም አየር እንዳይቀር ብቻ ቀስ አድርጎ መጠቅጠቅ እንጂ ማመቅ አያስፈልግም።

ጥሬ ሥጋ ሳልቀምስ የጨውና የቅመሙን ልክ እንዴት ላውቅ?

ከተቀላቀለው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ወስዶ፣ ጠፍጠፍ አድርጎ፣ በመጥበሻ ፈጽሞ እስኪበስል ጠብሶ መቅመስ ነው። ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሲሆን ለስድስት ሰው የሚቀርበውን እራት ከጨው እጥረት ያድናል። ማስተካከያ ካስፈለገ ጨውን በቀጥታ አንድ ቦታ ከመጣል በስሱ ከላይ በትኖ ሁለት ሦስት ጊዜ መገልበጥ ይበቃል። ሶሱ ጣፋጭ ስለሆነ ሥጋው ብቻውን ሲቀመስ ጨው በጥቂቱ የጎላበት ቢመስል አያሳስብም።

የዳቦ ፎርማ ውስጥ ልጋግረው ወይስ ትሪ ላይ?

ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ እኔ ግን ትሪውን እመርጣለሁ። ፎርማ ውስጥ ሲጋገር ከሥጋው የሚወጣው ስብና ፈሳሽ መውጫ ስለማያገኝ ጎንና ጎኑ ከመጋገር ይልቅ ይቀቀላል፤ ቡናማ ሆኖ የሚጋገረውም ላዩ ብቻ ነው። ትሪ ላይ ፎይል ወይም የመጋገሪያ ወረቀት ዘርግቶ፣ ሥጋውን በእጅ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቅርጽ ማዘጋጀት ግን ሦስት ጎኑ እንዲጠበስ፣ ሶሱም ጎኑን ጭምር እንዲለብስ ያደርጋል።

ፎርማው የሚጠቅመው ቅልቅሉ የላላ ሲሆን፣ ለምሳሌ በዶሮ ሥጋ ወይም ያለ እንቁላል ሲሠራ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ 23 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎርማ ለ900 ግራም ሥጋ ይበቃል፤ የተጠራቀመውን ስብ ግን ሶሱ ከመቀባቱ በፊት በጥንቃቄ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ጎኑ ላይ የሚወጣው ነጣ ያለ ፈሳሽ ከሥጋው የወጣ ፕሮቲን በሙቀት ረግቶ የሚታይ ስለሆነ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ በቢላ ጠርጎ ማንሳት ይቻላል።

በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ጊዜ ይጋገራል?

አስቀድሞ በጋለ ኦቨን በ175 ወይም በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጋገራል። በ900 ግራም ሥጋ የተሠራው ትሪ ላይ ከ55 እስከ 70 ደቂቃ፣ ፎርማ ውስጥ ደግሞ ከ65 እስከ 80 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ልዩነቱ ሰፊ የሆነው የኦቨኖች ሙቀት ስለማይመሳሰል፣ የቅልቅሉም ቅዝቃዜና ውፍረት ስለሚለያይ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ መገመቻ እንጂ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ዳኛው ቴርሞሜትር ነው። የበሬ፣ የበግና የአሳማ የተፈጨ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የዶሮና የቱርክ ደግሞ 74 ዲግሪ ሲደርስ ከኦቨን ይወጣል። ከዚህ በላይ በቆየ ቁጥር እየደረቀ ስለሚሄድ፣ መለካት የሚጠብቀው የበላተኛውን ጤና ብቻ ሳይሆን የምግቡንም ልስላሴ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከላይ ሳይሆን ከአጭሩ ጎን በኩል ወደ መሃሉ ሲገባ ልኬቱ ትክክለኛ ይሆናል። ለእራት የሚቀርብበት ሰዓት ከታወቀ ዝግጅቱን ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መጀመር በቂ ነው።

ቀዩን ሶስ መቼ ልቀባው?

በሶሱ ውስጥ ስኳር ስላለ ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከተቀባ የማረር ዕድል አለው። መጋገሩ ሊያልቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቀረው ግማሹን፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቀሪውን መቀባት ወፈር ያለና የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይሰጣል። አቼቶውን መተው አይገባም፤ የስኳሩን ጣፋጭነት የሚያለዝበው እሱ ነው። ጥቂት ሰናፍጭ ቢጨመርበትም ይስማማል።

ስቆርጠው የሚፈርሰው ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ችኮላ ነው። ከኦቨን እንደወጣ ፕሮቲኑና ስቡ ገና ስላልረጉ በቢላ ሲነካ ይበተናል፣ ጭማቂውም ሳህኑ ላይ ይፈስሳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማሳረፍ፣ ከዚያም ረጅም ስል ቢላ ወይም ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ወደ ታች ሳይጫኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሳቡ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። በደንብ አርፎም የሚፈርስ ከሆነ ወይ እንቁላሉ አንሷል፣ ወይ አትክልቱ በዝቷል ወይም ጎላ ብሎ ተከትፏል፣ ወይም ዳቦው ከመጠን በላይ ሆኗል።

ከደረቀብኝ ማዳን ይቻላል?

የወጣውን ውሃ ወደ ሥጋው መመለስ አይቻልም፤ ለእራት እንዲቀርብ ማድረግ ግን ይቻላል። ቆርጦ በትሪ መደርደር፣ ትኩስ የሥጋ መረቅ ወይም የቲማቲም ሶስ አፍስሶበት በፎይል ሸፍኖ ለ10 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ መመለስ ይበቃል።

ለብዙ እንግዳ መጠኑን እጥፍ ባደርገውስ?

እጥፍ የሚሆነው የሚትሎፉ ቁጥር እንጂ ውፍረቱ አይደለም። 1,800 ግራም ሥጋ በአንድነት ቢጋገር መሃሉ ወደ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ዳር ዳሩ ይደርቃል። ሁለት ቅርጽ ሠርቶ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ አየር እንዲያልፍ አራርቆ ማስቀመጥ ይገባል፤ ጊዜው እምብዛም አይጨምርም፣ ሆኖም ሁለቱንም ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ልጆች ለሚበዙበት ማዕድ የሙፊን መጋገሪያ ውስጥ በትንንሹ መጋገርም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ስለሚደርስ እራት የዘገየበትን ምሽትም ያተርፋል።

ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጅቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?

ይቻላል። ቅርጽ የወጣለትን ጥሬ ሚትሎፍ በደንብ ሸፍኖ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሚቀዘቅዝ ፍሪጅ ማሳደር ሲቻል፣ በማግስቱ ሲጋገር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጨመሩን ማሰብ ይገባል። ትኩስ ያልሆነ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን የሰነበተ የተፈጨ ሥጋ ግን ለዚህ አይመረጥም፤ በዚያው ዕለት መጋገር አለበት።

ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ አየር እንዳይገባው በላስቲክና በፎይል ተጠቅልሎ ከ3 እስከ 4 ወር ጥራቱን ጠብቆ ይቆያል። ከመጋገሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወደ ፍሪጅ በማውረድ ማቅለጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አይገባም፤ ውስጡ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ባክቴሪያ ወደሚራባበት ሙቀት ይደርሳልና። ማቅለጥ ከተረሳ ከነበረዶው መጋገር ይቻላል፤ ጊዜው ግን በግማሽ ያህል ይረዝማል፣ ሶሱም እንደተለመደው በመጨረሻ ይቀባል።

የተረፈውን እንዴት ላስቀምጠው፣ እንዴትስ ላሙቀው?

በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፤ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ደግሞ ቆርጦ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ መደርደር ይረዳል። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲሞቅ ጥቂት መረቅ ጠብ አድርጎበት፣ በፎይል ሸፍኖ በ150 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ መሃሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ማቆየት እንዳይደርቅ ያደርገዋል። በመጥበሻ ሁለቱንም ፊት ጠብሶ በዳቦ መካከል ማቅረብ ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከመጀመሪያው እራት የማይተናነስ ምሳ ነው።

ቀለሙን አይቼ መብሰሉን ማወቅ አልችልም? 71 ዲግሪ ደርሶም መሃሉ ሮዝ ቢሆንስ?

በቀለም መፍረድ በሁለት አቅጣጫ ያሳስታል። አንዳንድ የተፈጨ ሥጋ ገና አስተማማኝ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ቡናማ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ በሚገባ ከበሰለ በኋላም ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ለሚትሎፍ ሁለተኛው የተለመደ ነው፤ በሽንኩርትና በመሳሰሉት አትክልቶች ውስጥ ያሉ ናይትሬትና ናይትራይት የተባሉ ውሕዶች የሥጋውን ቀለም ከሚሰጠው ፕሮቲን ጋር ሲዋሐዱ ቀይነቱ በሙቀት ሳይለወጥ ይቆያል። በጋዝ ኦቨን ሲጋገርም ከነበልባሉ የሚወጣው ጋዝ ተመሳሳይ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ነገሩ ከቁራሽ ሥጋ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት አለ። ባልተፈጨ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ በአመዛኙ የሚገኘው ላዩ ላይ ስለሆነ ላዩ ሲጠበስ ይሞታል፤ ሥጋው ሲፈጭ ግን ላይ የነበረው ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ወደ ውስጥ ተቀላቅሎ ይገባል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ መሃሉ ላይ፣ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተለክቶ 71 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ ሮዝነቱ አያስፈራም፤ ከዚያ በታች ካሳየ ደግሞ ቀለሙ ምንም ያህል ቡናማ ቢሆን ወደ ኦቨን ተመልሶ በየ5 ደቂቃው እየተለካ መቆየት አለበት።